የባቡር ቤቱ ግድግዳ

ልጆች ሳለን “ባቡር” ሲባል በዓይናችን የሚመጣው ሐዲድ ላይ የሚሄደው አልነበረም። ያደግንበት የሸዋ ገጠር ሐዲድ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ለእኛ ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። “እህሉን ባቡር ቤት አድርሰህ ና” እንባላለን፤ አህያዋን ጭነን “ዱፍ ዱፍ” የሚለውን ድምፅ እየተከተልን እንሄዳለን። የቃሉ አመጣጥ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ጣሊያኑ “ቫፖሬ”፣ ፈረንሳዩ “ቫፐር” የሚለው እንፋሎትን ነው። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ በዐረቦች አፍ “ባቡር” ሆነ፤ እኛም እንደወረደ ተቀበልነው። እንግዲህ የሚሄደውንም የሚፈጨውንም “እንፋሎት” እያልን ነው የምንጠራው ማለት ነው፤ ሞተሩ ናፍጣ ቢጠጣም፣ ኤሌክትሪክ ቢበላም።

ባቡር ቤቱን ያነሣሁት ግን ለስሙ አይደለም፤ ለግድግዳው ነው። የባቡር ቤቱን ባለቤት ሁላችንም “ጋሼ” ነበር የምንላቸው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱ ሰው ናቸው። ከበሩ በስተግራ ባለው የጭቃ ግድግዳ ላይ ግን በከሰል ሒሳብ ይይዛሉ። አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሲቀዱ አንድ ረጅም ጭረት፤ በዚያ ጀሪካን ለተፈጨው ለእያንዳንዱ ኩንታል ደግሞ ከሥሩ አንድ አጭር ጭረት። አጫጭሮቹ ጭረቶች በርከት ያሉ ዕለት ፊታቸው ይፈካል። ያነሱ ዕለት ወፍጮውን ያቆሙና ዙሪያውን ይዞሩታል። ቺንጊያው ላልቶ ይሆን? ድንጋዩ ደንዝዞ መወቀር ፈልጎ ይሆን? ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ቦታ ይኖር ይሆን? አንድ ቀን “ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ጭረት ምን ያደርግልዎታል?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ልጄ፣ ይኼ ባቡር አፍ የለውም፤ ሲያመው የሚናገረው በዚህ ግድግዳ ነው” አሉኝ።

ግድግዳው ደግሞ በሰው ሁሉ ፊት ነው። ተራ የሚጠብቀው አስፈጪ ያየዋል፤ ከወንዝ ማዶ ያለው ሌላው ባለ ወፍጮ እንኳ ሲመጣ ቆሞ ይቆጥረዋል። ጋሼ አይሸፍኑትም ነበር።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ በቅርቡ አንድ ወዳጄ የሚሠራበትን ፋብሪካ ሊያሳየኝ ወስዶኝ ነው። የፋብሪካውን ስም ልተወው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ማሽኑም የሚያስቀና ነው። ከቦይለሩ የሚወጣው የእንፋሎት ቧንቧ ግን እርቃኑን ነው፤ በአጠገቡ ሲያልፉ ወላፈኑ ፊት ይገርፋል። በሌላ በኩል ደግሞ የታመቀ አየር ከቱቦ ሽንቁር እያፏጨ ይወጣል። ሠራተኛው ድምፁን ስለለመደው አይሰማውም።

“አንድ ቶን ዕቃ ለማምረት ስንት ነዳጅ፣ ስንት ኪሎዋት ሰዓት ትፈጃላችሁ?” አልኩት።

“አንተ ደግሞ! ቢሉ ይመጣል፣ ሒሳብ ክፍል ይከፍላል።”

“የትኛው ማሽን ነው ብዙ የሚበላው?”

“እሱን በምን አውቃለሁ? ቆጣሪው እንደሆነ አንድ ነው፤ እዚያ በሩ ላይ ያለው።”

ወጥተን ሻይ ስንጠጣ ነው በዚያው ሰሞን “ወጪ በዛ” ተብሎ ጥቂት የቀን ሠራተኞች መሰናበታቸውን የነገረኝ። እኔ ደግሞ ሐሳቤ እዚያ ሽንቁር ላይ ነበር። ወጪው ቀንም ሌሊትም እያፏጨ ሲወጣ ማንም አልሰማውም፤ የወጡት ሰዎቹ ናቸው።

ይህ ፈተና በእኛ አልተጀመረም። ማሽን ገዝቶ የሚበላውን ማብላት ያቃታቸው፣ ከዚያም መላ ያገኙ ሰዎች ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ነበሩ። የእነሱን ታሪክ ዛሬ ላውጋችሁ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ወደ አገራችን ስንመለስ በራሳችን እንቆጥራለን።

አገሩ ኮርንዎል ይባላል፤ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ወደ ባሕር የሾለ መሬት ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ቲንና መዳብ ከመሬት እያወጣ የኖረ ነው። የማዕድን ቆፋሪ ጠላት ደግሞ ውሃ ነው። ጉድጓዱ በጠለቀ ቁጥር ውሃው ይመነጫል፤ ውሃውን ቀድቶ የማያወጣ ጉድጓዱን ይለቃል። በፈረስና በሰው ጉልበት መቅዳቱ እስከተወሰነ ጥልቀት ነው።

በ1712 ቶማስ ኒውኮመን የሚባል የብረታ ብረት ነጋዴ በመካከለኛው እንግሊዝ፣ ዳድሊ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ላይ ውሃ የሚቀዳ የእንፋሎት ሞተር ተከለ። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። እንፋሎቱ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ይረጭበታል፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ሲሊንደሩ ባዶ ይቀራል፤ የውጪው አየር ፒስተኑን ወደ ታች ይጫነዋል፤ በሌላው ጫፍ የፓምፑ ዘንግ ውሃውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ተዓምር ነበር። ግን ሆዳም ነበር። ከከሰሉ ኃይል ከመቶ አንዱን እንኳ በቅጡ አይሠራበትም።

ከከሰል ጉድጓድ ላይ ለተተከለ ሞተር ይህ ምንም አይደለም። የማይሸጠው ድቃቂ ከሰል በደጁ ተከምሯል፤ እሱን ይብላ። ኮርንዎል ግን ከሰል የላትም። ከሰሉ በመርከብ የሚመጣው ከዌልስ ነው። ስለዚህ ለኮርንዎል ሰው የሞተሩ ሆድ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። የከሰሉ ዋጋ ከመዳቡ ዋጋ ሲበልጥ ፓምፑ ይቆማል፤ ፓምፑ ሲቆም ጉድጓዱ በውሃ ይሞላል፤ ቆፋሪው ልጆቹን ይዞ ጎዳና ላይ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ነው ሁለት ሰዎች የመጡት። የመጀመሪያው ጆን ስሚተን ነው። መሐንዲስ ነው፤ ከምንም በላይ ግን መለካት የሚወድ ሰው ነበር። በ1760ዎቹ መጨረሻ በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል አካባቢ የሚሠሩ 15 ሞተሮችን እየዞረ መረመረ። ጥያቄው የጋሼ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ጀሪካን ስንት ኩንታል? በእሱ ቋንቋ ሲሆን፣ አንድ ቡሼል ከሰል ስንት ፓውንድ ውሃ አንድ ጫማ ወደ ላይ ያነሣል? ቡሼል እንደ እኛ ቁና ያለ መስፈሪያ ነው፤ በከሰል ሲሞላ 40 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ይህን ልኬት በኋላ “ዱቲ” አሉት፤ ግዳጅ እንደማለት ነው። ስሚተን ሲለካ መልሱ በአማካይ ከ5 እስከ 6 ሚሊዮን ወጣ፤ በሞተርና በሞተር መካከል ያለው ልዩነትም ትልቅ ነበር። አዲስ ነገር ሳይፈጥር፣ የሲሊንደሩን ሥራ እያጠራ፣ ክፍሎቹን በልካቸው እያደረገ በ1772 የሠራው ሞተር ከ9 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ልብ በሉ፤ መርሁ ያው የኒውኮመን ነው። የተጨመረበት መለካት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጄምስ ዋት ነው። ዋት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የመሣሪያ ሠሪ ነበር። በ1763 ክረምት የተበላሸ ትንሽ የኒውኮመን ሞተር ሞዴል እንዲጠግን ተሰጠው። ሲያየው ጉዱ ገባው። ሲሊንደሩ በአንዱ ምት በእንፋሎት ይግላል፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ተረጭቶበት ይቀዘቅዛል፤ በሚቀጥለው ምት እንደገና ለማጋል ሌላ እንፋሎት ይባክናል። አንዲት ሴት አንድ እንጀራ ባወጣች ቁጥር ምጣዱ ላይ ባልዲ ውሃ ደፍታ ብታቀዘቅዘው፣ ከዚያ ለሚቀጥለው እንጀራ እንደ አዲስ ብታነድ ምን እንላለን? ሞተሩ ለሃምሳ ዓመት ሲያደርግ የኖረው ይህንኑ ነው። በ1765 ዋት መልሱን አገኘው። ምጣዱ እንደጋለ ይቆይ፤ እንፋሎቱ የሚቀዘቅዝበት ሌላ ዕቃ በጎኑ ይሠራለት። በ1769 የፈጠራ መብቱን አወጣ፤ በ1775 ከባለ ሀብቱ ማቲው ቦልተን ጋር ሸሪክ ሆነ፤ ፓርላማውም መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት።

ከፈጠራው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሽያጩ ውል ነው። ዋትና ቦልተን ለኮርንዎል ማዕድን ባለቤቶች ያሉት በአጭሩ እንዲህ ነው፦ የእኛ ሞተር ለዚያው ሥራ ከአሮጌው ያነሰ ከሰል ይበላል፤ ከሚተርፈው ከሰል ዋጋ ሲሶው ለእኛ፣ የቀረው ለእናንተ። የእኛ አገር ሰው የሲሶ አራሽነትን ያውቃል፤ ይህ ግን ከምርት ሳይሆን ካልጠፋው ነገር ላይ የሚከፈል ሲሶ ነው። ሻጩ የሚጠቀመው ገዢው ሲቆጥብ ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ መቁጠሪያ ያስፈልጋል። ሞተሩ ስንቴ እንደመታ የሚቆጥር መሣሪያ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ አድርገው ገጠሙበት፤ ቁልፉን የያዙት የነሱ ሰዎች ናቸው። “ቆጣሪው” የሚባለው ነገር ያኔም ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ የዋት ሞተሮች ኮርንዎል የገቡት በ1777 ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኒውኮመን ሞተሮች ከአገሩ ሊጠፉ ደረሱ። ሊዘጉ የነበሩ ጉድጓዶች ቀጠሉ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ሰው ያላጠፋውን ገንዘብ ማመስገን አይችልበትም። አሮጌው ሞተር ተነቅሎ ተረስቷል፤ ማነጻጸሪያው የለም፤ የሚታየው በየወሩ ለዋትና ለቦልተን የሚከፈለው ሲሶ ብቻ ነው። “ይኼን ሁሉ ለምን እንከፍላለን?” ተባለ። አንዳንዱ ክፍያውን አቆመ። የአገሩ መሐንዲሶች የራሳቸውን ሞተር ሲሠሩ መብቴን ነካችሁ እየተባሉ ተከሰሱ፤ ሙግቱ ከ1793 እስከ 1799 ዘለቀ። ዋት አሸነፈ። ድሉ ግን ቂም ነበር የተከለው። በነዚያ ዓመታት ኮርንዎል ውስጥ ሞተር ማሻሻል መከሰሻ ሆኖ ነበርና እጅ ሁሉ ተሰበሰበ።

በ1800 መብቱ አበቃ። ዋትና ቦልተን ሰዎቻቸውን ይዘው ከኮርንዎል ወጡ። ሕዝቡ “ተገላገልን” አለ። ታዲያ ምን የሆነ ይመስላችኋል? ነፃ የወጣው አገር ወዲያው የተሻለ ሞተር ሠራ? አልሠራም። እንዲያውም ያሉት ሞተሮች እየባሱ ሄዱ። የተቆለፈው ሳጥን ሄዷል፤ ቆጣሪውን የሚያነብ የለም፤ ሞተሩ በአንድ ቡሼል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ጠፋ። እንፋሎቱ በየመጋጠሚያው ያመልጥ ጀመር፤ ሠራተኛው ድምፁን ለመደው። ቢሉ ይመጣል፣ ይከፈላል። የማውቀውን ፋብሪካ መሰለብኝ።

አሥር ዓመት እንዲህ ካለፈ በኋላ፣ በ1811፣ የጥቂት ማዕድን ኃላፊዎች ተሰብስበው አንድ ነገር ወሰኑ። ጆኤል ሊን የሚባል፣ በሙያውም በቃሉም የሚታመን የማዕድን ካፒቴን መረጡ። ሥራው በየወሩ ሞተሮቹን እየዞረ መመዝገብ ነው። የማዕድኑ ስም፣ የሲሊንደሩ ስፋት፣ የጉድጓዱ ጥልቀት፣ የተበላው ከሰል፣ ሞተሩ የመታው ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ዱቲው፣ ከጎኑም ሞተሩን የሚያስተዳድረው መሐንዲስ ስም። ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ታትሞ ለሁሉም ይበተናል። የሊን የሞተር ሪፖርት ይሉታል። ሊን በዓመቱ በ1812 ሞተ፤ ልጆቹ ቀጠሉበት።

ይኸው ነው፤ አዲስ ማሽን የለም፣ አዲስ ሕግም የለም። አገር ያየው የጋሼ ግድግዳ ነው።

መጀመሪያ የተመዘገቡት ጥቂት ሞተሮች ናቸው፤ አማካዩም ከ17 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ግን የማዕድን ባለቤት ሁሉ የጎረቤቱን ቁጥር አየ። ተመሳሳይ ስፋት፣ ተመሳሳይ ጥልቀት፤ የእሱ 25፣ የእኔ 13 ከሆነ ችግሩ ምንድን ነው? መሐንዲሱም ስሙ ከቁጥሩ ጎን ተጽፏል፤ ይበላውን ያጣ ሰው እንኳ ስሙን አይሸጥም። ከፍ ያለው እንዴት ከፍ እንዳለ ለማየት ሰው እየሄደ ይጎበኝ ጀመር፤ የሚከለክለውም አልነበረም። ለምን አይከለክልም? ቢባል፣ ባለ ድርሻዎቹ አንድ ጉድጓድ ላይ ብቻ አልነበረም ገንዘባቸው፤ በብዙ ጉድጓዶች ድርሻ አላቸው። የአንዱ ሞተር መሻሻል የሌላውን ገበያ አይዘጋም። የጋራ ጠላታቸው ከሰሉ ነው።

የፈጠራው ሰውም ልቡን ከፈተ። ሪቻርድ ትሬቪቲክ የኮርንዎል ልጅ ነው፤ የእንፋሎትን ግፊት ከፍ አድርጎ በማሠራት የታወቀ። በ1812 በአገሩ ማዕድን የተከለው ሞተር ለሚቀጥሉት አሥርተ ዓመታት መሠረት ሆነ። ለዚያ ሞተር የፈጠራ መብት አላወጣም። ከዋት ጋር የተደረገው ሙግት ትዝታ ገና አልጠፋም ነበር። (ትሬቪቲክ በ1833 ሲሞት ኪሱ ባዶ ነበር፤ የቀበሩት የሥራ ባልደረቦቹ አዋጥተው ነው። ለጋስነትም ዋጋ እንዳለው መደበቅ አይገባም።)

ሳሙኤል ግሮስ የሚባለው መሐንዲስ ደግሞ የሠራው ከሁሉ ይቀላል። ሲሊንደሩንና የእንፋሎት ቧንቧዎቹን ሙቀት እንዳያመልጥባቸው በደንብ ሸፈናቸው። በአጭሩ ሞተሩን ጋቢ አለበሰው። በ1828 ዊል ታወን በተባለው ማዕድን ያለው የግሮስ ሞተር 87 ሚሊዮን ደረሰ። ሰው ማመን አቃተው። ነገሩ በወረቀቱ ታትሞ ስለወጣ ሌሎቹም ጋቢ ለመግዛት ተሽቀዳደሙ።

በ1820 አማካዩ ወደ 28 ሚሊዮን ወጣ፤ በ1830 ከ40 አለፈ፤ በ1840ዎቹ መግቢያ ከ50 በላይ ነበር። በአንድ ትውልድ ውስጥ አንድ ቡሼል ከሰል የሚሠራው ሥራ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ማጭበርበር አልነበረም ወይ? መጠርጠሩስ ነበር። ፎዊ ኮንሶልስ በሚባለው ማዕድን የዊልያም ዌስት ሞተር የሚመዘገብለት ቁጥር “የማይሆን ነው” ተባለ። ያኔ ማንም ማንንም አልተሳደበም፤ በ1835 በምስክሮች ፊት ለፊት ሞተሩ ተፈተነ። ከሰሉ ተመዝኖ፣ ምቱ ተቆጥሮ፣ የተገኘው 125 ሚሊዮን ነበር። የስሚተን ዘመን ሞተር ከከሰሉ ኃይል ከመቶ ግማሽ ያህል ብቻ ይጠቀም ነበር፤ ይህኛው ከመቶ ወደ 12 ደረሰ።

የዚህ ታሪክ ትምህርት እኔ እንደሚመስለኝ አንድ ነው። ኮርንዎልን ያዳነው የአንድ ሊቅ ጭንቅላት ብቻ አይደለም። ሊቁ ዋት እያለ ተጠቅመዋል፤ ሊቁ ሲሄድ ግን ወደቁ። ያነሣቸው ጉድለታቸውን በየወሩ አሳትመው ለጎረቤት ለማሳየት መድፈራቸው ነው። አባቶች “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም” የሚሉት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለሞተርም ይሠራል።

መጨረሻውንም ልንገራችሁ፤ ታሪክ በግማሹ አይነገርም። ከ1840ዎቹ አጋማሽ በኋላ ሪፖርቱ ውስጥ የሚገቡት ሞተሮች እያነሱ ሄዱ። ሞተር ጥሩ ሲሆን ሰው ይዘናጋል፤ መሐንዲሱ ስሙን አትርፏል፤ ባለቤቱ “አሁንማ ደህና ነን” ይላል። አማካዩ ዳግመኛ ማሽቆልቆል ጀመረ። ሪፖርቱ እየተንፏቀቀ እስከ 1904 ቢወጣም የቀድሞው ጉልበት አልነበረውም። በ1860ዎቹ የመዳብ ዋጋ ሲወድቅ በሺዎች የሚቆጠሩ የኮርንዎል ቆፋሪዎች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። ቁጠባ ከገበያ ውድቀት አያድንም። ዕድሜ ይሰጣል እንጂ።

ሌላም አለ። በ1865 ዊልያም ስታንሊ ጀቨንስ የተባለ ምጣኔ ሀብት አዋቂ “የከሰል ጥያቄ” የሚል መጽሐፍ ጽፎ ሰውን ግራ አጋባ። ከሰል የሚቆጥብ ማሽን ሲመጣ አገሪቱ የምታቃጥለው ከሰል አይቀንስም፤ ይጨምራል አለ። ማስረጃውም ስኮትላንድ ነበረች። አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ የሚፈጀው ከሰል ከሲሶ በታች ከወረደ በኋላ፣ ከ1830 እስከ 1863 አጠቃላይ ፍጆታው አሥር እጥፍ አደገ። ርካሽ ሲሆን ሁሉም ያቃጥላላ! ይህን የሚያነብ ሰው “ታዲያ መቆጠቡ ምን ይጠቅማል?” ሊል ይችላል። ከሰል ለተረፋት እንግሊዝ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሞተር ለማቆም ሳይሆን ሞተር ለመጨመር ለሚፈልግ አገር ግን መልሱ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ አለ። በዚያው አንድ ቶን ከሰል ከሦስት እጥፍ የሚበልጥ ብረት ወጣ፤ ብዙ ሰው ሥራ ያዘ። ለእኛ የሚያስፈራው ይህ አይደለም። የሚያስፈራው ፍጆታው ጨምሮ ምርቱ ባለበት የቆመ ጊዜ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛም በከሰል ጉዳይ ኮርንዎልን መስለን ኖረናል። ብዙ የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ምድጃቸውን የሚያነዱበትን ከሰል ለዓመታት ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ፣ ከዚያም ከጅቡቲ በመኪና ሲያስመጡ ነበር። በዶላር የተገዛ ከሰል ነው። በኤሌክትሪኩም ቢሆን ፈረቃን የማያውቅ የለም። በግንቦት 2011 ዓ.ም በጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው በመቀነሱ መብራት በፈረቃ ሲሆን፣ ፋብሪካውም በፈረቃ ነበር የሠራው። ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠባቸው ቀናት ነበሩ። በዚያ ወራት እርቃኑን በቆመው ቧንቧና በሚያፏጨው ሽንቁር የወጣው ኃይል ስንት ማሽን ያንቀሳቅስ ነበር? መልስ የለንም፤ አልቆጠርንማ!

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ የዐባይ ግድብ ተመረቀ። ከ5,000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው። ደስ ይላል፤ ሕዝቡ ከደመወዙ ቆርሶ፣ ከመቀነቱ ፈትቶ የሠራው ነው። ፍርሃቴ ግን እንደ ኮርንዎሎቹ “አሁንማ ደህና ነን” የምንልበት ቀን መድረሱ ነው። የድሃ እናት ሃምሳ ብር ያለበትን መብራት በሽንቁር ማፏጨት ከድሮውም በላይ ነውር የሚሆነው ዛሬ ነው።

ሕግ የለም እንዳንል፣ በ2006 ዓ.ም የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 የኢነርጂ ቁጠባን ጉዳይ አካቷል። ባለሙያም አለን። የጎደለን ግድግዳው ነው። በአንድ ፋብሪካ ውስጥ ለቦይለሩ፣ ለኮምፕረሰሩ፣ ለምድጃው ለየብቻ ቆጣሪ ማስገጠም የሚከብድ ወጪ አይደለም። ለአንድ ቶን ምርት የተፈጀውን በየወሩ በሠራተኛው መግቢያ በር ላይ መለጠፍ ደግሞ ወረቀትና ማጣበቂያ ነው የሚፈልገው። ከዚያ አንድ እርምጃ ከተኬደ ዳቦ ጋጋሪው ከዳቦ ጋጋሪ፣ ሲሚንቶው ከሲሚንቶ፣ ጨርቃ ጨርቁ ከጨርቃ ጨርቅ ጋር ቁጥሩን አስተያይቶ በጋራ ማሳተም ይችላል። “የንግድ ምስጢር ነው” የሚል ይኖራል። የኮርንዎል ባለ ጉድጓዶችም ሞኞች አልነበሩም፤ ምስጢር የመሰላቸውን ነገር ደብቀው አሥር ዓመት ከሰል ሲያቃጥሉ ቆይተው ነው ወደ ሊን የሄዱት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቁጥሩን ለሚያሻሽለው የቦይለር ሠራተኛ ከተረፈው ላይ ሲሶ ባይሆን እንኳ ጥቂት ይድረሰው። ሽንቁሩን መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው። ሲሰማው አይቶ እንዳላየ የሚያልፈው፣ ቢናገርም ባይናገርም ለእሱ ለውጥ ስለሌለው ነው።

ያን ወዳጄን ባለፈው ሳምንት አገኘሁት። ስለ ኮርንዎል አወራሁት፤ ሳቀብኝ። ስንለያይ ግን “እስቲ አንድ ቆጣሪ ለኮምፕረሰሩ ብናስገባለት ስንት ይፈጅ ይሆን?” አለኝ። እኔም “እሱን ለማወቅ አይደል የምታስገባው?” አልኩት።

የጋሼ ባቡር ቤት ዛሬ የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ወፍጮ ተተክቶበታል። ባለፈው ዓመት በዚያ ሳልፍ ጎራ ብዬ ነበር። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ ያምራል። የወፍጮውን ልጅ “በወር ስንት ትከፍላላችሁ?” አልኩት፤ ነገረኝ። “በስንት ኩንታል?” ስለው ግን ዝም ብሎ አየኝ። ጭረት የሚያሰፍርበት ቦታ ፈልጌ ዙሪያውን ተመለከትኩ፤ ከሰል ግን አልያዝኩም ነበር።